ሬይኪያቪክን ሳይጎዱ መጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሬይኪያቪክ በእርግጥ በታዳሽ ኃይል ብቻ የምትኖር ከተማ ናት?

መብራቷና ሙቀቷ አዎ፤ መኪኖቿና መርከቦቿ ግን ገና ናቸው። የአይስላንድ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል መቶ በመቶ ከታዳሽ ምንጭ ይገኛል። 70 በመቶ ያህሉን ወንዞች፣ የቀረውን የከርሰ ምድር እንፋሎት ይሰጣሉ። መንገድ ላይ ግን አብዛኛው መኪና ዛሬም የሚሄደው በቤንዚንና በናፍጣ ነው፤ የዓሣ አጥማጆቹ መርከቦችም ነዳጅ ያቃጥላሉ። አገሪቱ በ2040 የካርቦን ልቀቷንና የምታስወግደውን መጠን አቻ ለማድረግ ግብ ያስቀመጠችው ይህ ቀዳዳ ገና ስላልተደፈነ ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ኤሌክትሪኩ ብዙም አዲስ ነገር አይሆንም። የእኛም መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃና ከነፋስ ነው የሚመጣው። ሬይኪያቪክን ልዩ የሚያደርጋት ማሞቂያዋ ነው። ከነጻ አገሮች ዋና ከተሞች ሁሉ ወደ ሰሜን የራቀችው እርሷ ናት፤ በ64ኛው ዲግሪ ላይ ተቀምጣ ቤቶቿን ለማሞቅ ከሰልም፣ ጋዝም፣ እንጨትም አታነድድም። በመላው አይስላንድ ከአሥር ቤቶች ዘጠኙን የሚያሞቀው ከምድር የሚወጣ ፍል ውሃ ነው።

ሙቅ ውሃው ከየት ይመጣል?

ከከተማዋ ሥርና ከአካባቢዋ። የከተማዋ ስም ራሱ «ጭስ የሚታይበት ባሕረ ሰላጤ» ማለት ነው። በልማዳዊው ታሪክ መሠረት በ874 ግድም ኢንጎልፉር አርናርሶን የተባለው ሰፋሪ ሲደርስ ያየው እንፋሎት እንደ ጭስ መስሎት ነው ስሙ የወጣው። ዛሬ ጎብኚ የሚርመሰመስበት ዋናው የገበያ መንገድ ሎይጋቬጉር ይባላል፤ «የእጥበት መንገድ» እንደማለት ነው። ሴቶች ልብሳቸውን ተሸክመው ወደ ሎይጋርዳሉር ፍል ውሃ የሚወርዱበት መንገድ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወድደው አዲስ አበባን እንደ ቆረቆሩ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንም። ሁለት ዋና ከተሞች፣ አንዱ በከፍታ አንዱ በባሕር ዳር፣ በፍል ውሃ ዙሪያ ተሰባስበዋል።

ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1930 ከሎይጋርዳሉር ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ቧንቧ ተዘረጋና አንድ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታሉና 60 ያህል ቤቶች በፍል ውሃ መሞቅ ጀመሩ። ከዚያ በፊት የከተማዋ ሰማይ በከሰል ጭስ የተሸፈነ ነበር። በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲንር አገሪቱ ሥራውን አፋጠነችው፤ የቀሩትም ቤቶች አንድ በአንድ ከነዳጅ ማሞቂያ ተላቀቁ። አሁን የውሃው አንድ ክፍል በከተማዋና በአጎራባቿ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ይወጣል። ሌላው ክፍል በነስያቬትሊርና በሄትሊስሄይዲ የኃይል ማመንጫዎች በእንፋሎት የሚሞቅ ንጹሕ ውሃ ነው። ከነስያቬትሊር የሚነሣው ቧንቧ 27 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በጥሩ ሁኔታ ስለተሸፈነ ውሃው በመንገድ ላይ የሚያጣው ሙቀት ሁለት ዲግሪ ቢሆን ነው። ከኮረብታ ላይ እንደ ዘውድ የሚታየው ፐርላን የተባለው የመስታወት ጉልላት የተሠራውም በሙቅ ውሃ ማጠራቀሚያ ታንከሮች ላይ ነው።

አንድ ነገር በተለይ ልብ ይበሉ። በመሀል ከተማ በረዶ እየጣለ የእግረኛው መንገድ ጥቁርና እርጥብ ብቻ ሆኖ ካዩ ከሥሩ ቧንቧ አለ። ቤቶችን አሙቆ የጨረሰው፣ 35 ዲግሪ ያህል የቀረው ውሃ ከመጣሉ በፊት በእግረኛ መንገዱ ሥር እንዲያልፍና በረዶውን እንዲያቀልጥ ይደረጋል። ከዚህ ከተማ ሁሉ ልቤን የሚነካው ይህ ነው፤ አንዴ የተገለገሉበትን ሙቀት ለመጣል መሳሳት።

የቧንቧው ውሃ ለምን የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል? ይጠጣል?

የሚሸተው ሙቁ ብቻ ነው። ሽታው ከድኝ ጋር የተያያዘ ጋዝ ሲሆን ለመታጠብ ምንም ጉዳት የለውም፤ የብር ጌጥዎን ግን ስለሚያጠቁረው አውልቀው ይታጠቡ። ቀዝቃዛው ፈጽሞ ሌላ ውሃ ነው። ከምንጭ የሚመጣ፣ ክሎሪን የማይገባበት፣ በጣም ጥሩ የሚጠጣ ውሃ ነው። ለመጠጥ ሲቀዱ ቀዝቃዛውን ለጥቂት ሰከንድ ያፍስሱና ከዚያ ይሙሉ። በፕላስቲክ የታሸገ ውሃ መግዛት በዚህ ከተማ ገንዘብንም ተፈጥሮንም ማባከን ነው። ሙቁ ውሃ በጣም የጋለ ሊሆን ስለሚችል ልጆች ይዘው ከሄዱ መጀመሪያ እርስዎ ይክፈቱት።

በየትኛው ወር ልሂድ?

ግንቦት ወይም መስከረም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ሌሊቱ የማይጨልምበት፣ ጎብኚም የሚጨናነቅበት ነው። 400 ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ያላት አገር በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ የውጭ እንግዳ ታስተናግዳለች። በመሐል ያሉትን ወራት መምረጥ ለኪስዎም ለአገሬውም እፎይታ ነው። የሰሜን ብርሃን የሚባለውን የሰማይ ላይ ቀለም ለማየት ከመስከረም እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ያለው ጊዜ ይሻላል። በታኅሣሥ መጨረሻ ግን ፀሐይ የምትታየው አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

ብርዱ ሰዎች እንደሚፈሩት አይደለም። በጥር አማካዩ ከዜሮ ዲግሪ ብዙም አይርቅም። የሚጎዳው ነፋሱ ነው። ወፍራም ካፖርት ከመግዛት ነፋስና ዝናብ የማያሳልፍ ቀለል ያለ ጃኬት ከሱፍ ልብስ ጋር መደረብ ይበልጣል።

ቪዛ ያስፈልገኛል?

አይስላንድ የሸንገን አባል ናት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ በአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰውም ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ እስከሆነ ድረስ እንዲሁ። የአሜሪካ ዜጋ ከሆኑ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ መቆየት ይችላሉ። በሌላ የሸንገን አገር ለሚኖሩ ደግሞ የዚያ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ይበቃል።

በአውሮፕላን ስሄድ ጉዳቱን እንዴት ልቀንስ?

የጉዞው ዋናው ሸክም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሆቴሉ በእንፋሎት መሞቁ የአውሮፕላኑን ጭስ አያጠፋውም። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ የለም። በአየር ላይ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር እንኳን ርቀቱ 7,700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በትራንዚት ሲሄዱ ደግሞ ይረዝማል። ስለዚህ ለአራት ቀን ጉብኝት ብቻ ተብሎ ከአዲስ አበባ ወደ ሬይኪያቪክ መሄድን አልመክርም። ለትምህርት፣ ለስብሰባ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ኮፐንሃገን፣ ኦስሎ ወይም ስቶክሆልም መሄድዎ ካልቀረ ግን ያኔ ቀን ጨምረው ማዶ መሻገር ሌላ ነገር ነው። አብዛኛው ርቀት አስቀድሞ ተጉዟል።

በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ከዚህ የተሻለ ዕድል አለ። አይስላንድኤር ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ በሬይኪያቪክ አቅራቢያ ወዳለው ኬፍላቪክ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ይበራል፤ ጉዞው ስድስት ሰዓት ያህል ነው። አየር መንገዱ ወደ አውሮፓ ለሚያልፉ መንገደኞች የበረራ ዋጋ ሳይጨምር በአይስላንድ እስከ ሰባት ሌሊት እንዲያድሩ ይፈቅዳል። ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት ያለ ወንድምዎን ለመጠየቅ ሲሄዱ በመንገድ ላይ አንድ ሳምንት ማረፍ ይችላሉ። ሌላ ረጅም በረራ ሳይጨምሩ ከተማዋን ያዩበታል።

ከዚህ ሌላ የሚቀሩት ጥቃቅን ግን እውነተኛ ነገሮች ናቸው። አውሮፕላን ብዙ ነዳጅ የሚፈጀው ሲነሣ ነው፤ ስለዚህ ትራንዚቱ ያነሰውን መስመር ይምረጡ። በሰፊ ወንበር የሚቀመጥ መንገደኛ የሁለትና የሦስት ሰው ቦታ ስለሚይዝ የጭሱም ድርሻው በዚያው ልክ ነው። ሁለት አጫጭር ጉዞ ከማድረግ ደግሞ አንድ ረጅም ቆይታ ይበልጣል።

በመርከብ ብሄድ አይሻልም?

አብዛኛውን ጊዜ አይሻልም። ከአውሮፓ አንድ መደበኛ የመንገደኛ መርከብ አለ፤ ከዴንማርክ ተነሥቶ በፋሮ ደሴቶች በኩል ያልፋል። የሚያወርድዎት ግን በአገሪቱ ምሥራቅ ጫፍ፣ ሰይዲስፍዮርዱር በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከዚያ ሬይኪያቪክ ለመድረስ አገሪቱን ማቋረጥ ሊኖርብዎት ነው። የመዝናኛ መርከቦቹን በተመለከተ ነገሩ የባሰ ነው፦ ብዙ ነዳጅ እያቃጠሉ ይመጣሉ፣ ሺህ ሰው በአንድ ጠዋት ያወርዳሉ፣ ማታ ይዘውት ይሄዳሉ። ለከተማዋ የሚተርፈው ጭሱና ግርግሩ ነው።

መኪና ልከራይ ወይስ አውቶቡስ ይበቃል?

ለከተማዋ እግርዎ ይበቃል። መሀል ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር በእግር መጨረስ ይቻላል። ለራቀው ስትራይቶ የሚባሉት ቢጫ አውቶቡሶች አሉ፤ ቲኬቱን በስልክ መተግበሪያ ይገዛሉ። ኬፍላቪክ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አይስላንድ ባቡር የሚባል ነገር የላትም፤ ከማረፊያው የሚነሣው 55 ቁጥር የሕዝብ አውቶቡስ ግን አለ፣ ከግል አውቶቡሶቹም ይረክሳል።

የቲንግቬትሊር ብሔራዊ ፓርክን፣ የጌይሲር ፍል ውሃንና የጉልፎስ ፏፏቴን የሚያካትተውን የተለመደውን የአንድ ቀን ዙር ለማየት በቡድን አውቶቡስ ይሂዱ። መኪና መከራየት ግድ ከሆነ የኤሌክትሪክ ይሁን፤ ኃይሉ የሚመጣው ከወንዝና ከእንፋሎት ስለሆነ የኤሌክትሪክ መኪና የመንዳት ትርጉም ከብዙ አገር ይልቅ እዚያ ይጎላል። በብርድ ወራት ባትሪው ቶሎ እንደሚያልቅ ግን ያስቡበት። በረዶ ላይ ነድቶ የማያውቅ ሰው ከኅዳር እስከ መጋቢት መሪ ባይጨብጥ እመርጣለሁ። ነፋሱ የመኪና በር ገንጥሎ የሚወስድበት አገር ነው፤ የመኪና ኪራይ ድርጅቶች ይህን አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት ለማስፈራራት ብለው አይደለም።

ወደ መዋኛ ገንዳ ለመግባት ራቁትን መታጠብ ግዴታ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ወደ ገንዳው ከመግባትዎ በፊት የዋና ልብስ ሳይለብሱ በሳሙና መታጠብ አለብዎት። ምክንያቱ ገንዳዎቹ የሚገባባቸው ክሎሪን አነስተኛ መሆኑ ነው፤ የሁሉም ጤና የተመሠረተው በእያንዳንዱ ሰው ንጽሕና ላይ ነው። የወንዶችና የሴቶች መታጠቢያ የተለያየ ነው። የሚያፍሩ ከሆነ የተከለለ መታጠቢያ እንዳለ ሠራተኞቹን ይጠይቁ፣ በአንዳንዶቹ ይገኛል። እዚያ ማንም ሰው ማንንም ዞር ብሎ አያይም።

ይህ እንዳያስቀርዎት አደራ እላለሁ። ሱንድሁትሊን ከ1937 ጀምሮ የሚያገለግል በመሀል ከተማ ያለ ገንዳ ነው፤ ሎይጋርዳልስሎይግ ደግሞ ከሁሉም ትልቁ ነው። አገሬው ሰው ከሥራ በኋላ ሽማግሌና ወጣት፣ ባለሥልጣንና ሠራተኛ፣ በአንድ ሙቅ ገንዳ ውስጥ እስከ አንገቱ ተነክሮ ወሬ ያወራል። የእኛ ሰው ቡና ላይ የሚያወራውን እነርሱ ፍል ውሃ ውስጥ ያወሩታል። ዋጋው ከቱሪስት መዝናኛዎቹ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ጾም ላይ ብሆን ምን እበላለሁ?

አይቸገሩም። በፍል ውሃ በሚሞቁ ግሪን ሃውሶች ቲማቲም፣ ዱባ መሰል አትክልትና ሰላጣ ዓመቱን ሙሉ ይበቅላል፤ ከከተማዋ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ክቬራገርዲ በዚህ የታወቀች ናት። በምግብ ቤቶች «ቪጋን» የሚለው ቃል ሁሉም ዘንድ የሚታወቅ ስለሆነ እርሱን ይጠቀሙ። በእንፋሎት በሚፈላ አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚበስለውን ጥቁር ዳቦ ይቅመሱ፤ ወተት የሚገባበት ዓይነትም ስላለ አስቀድመው ይጠይቁ። ምግብ ውድ ነው፤ ከሱቅ ገዝቶ ማዕድ ቤት ባለው ማረፊያ ማብሰል ወጪውን በብዙ ይቀንሳል። ሽሮና በርበሬ በሻንጣ ይያዙ።

የዓሣ ነባሪ ሥጋ ለጎብኚ በሚያቀርቡ ቤቶች እንዳያዝዙ እለምናለሁ። አብዛኛው አይስላንዳዊ ራሱ አዘውትሮ አይበላውም።

ብሉ ላጉን የተባለው የፍል ውሃ መዋኛ ተፈጥሯዊ ነው? እሳተ ገሞራውስ አያሰጋም?

ተፈጥሯዊ አይደለም። ስቫርትሰንጊ ከሚባለው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ የሚወጣ ውሃ በላቫ (ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ በረጋ) ድንጋይ ላይ ተጠራቅሞ የፈጠረው ነው፤ የወተት መልክ ያለው ሰማያዊ ቀለሙም ውሃው ከያዘው ሲሊካ ከተባለ ማዕድን ይመጣል። ይህ ጥፋት አይደለም። ተረፈ ምርት ወደ ሀብት መለወጡ እንዲያውም የሚያስደንቅ ነው፤ የሚያሳዝነው የጥንት ምንጭ መስሎት የሚሄደው ሰው ብዛት ነው።

ቦታው ያለው ከግሪንዳቪክ ከተማ አጠገብ ነው። ኅዳር 10 ቀን 2023 የግሪንዳቪክ ነዋሪዎች በሌሊት ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ፤ ከዚያ በኋላ በአካባቢው ምድር ደጋግማ ተሰንጥቃ እሳት ተፍታለች። በየካቲት 2024 ላቫ ዋናውን የሙቅ ውሃ ቧንቧ ቆርጦ ግሪንዳቪክ ባለችበት በሬይኪያኔስ ልሳነ ምድር ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች በብርድ መሀል ያለ ማሞቂያ ቀሩ። ከተማዋ ሬይኪያቪክ ከእነዚህ ስንጥቆች ራቅ ያለች ናት። ወደዚያ አቅጣጫ ከመሄድዎ በፊት ግን የዕለቱን ማስጠንቀቂያ ይመልከቱ፤ የተዘጋ መንገድ ፎቶ ለማንሣት ተብሎ አይታለፍም፣ የሚያድኑት የነፍስ አድን ሠራተኞች በጎ ፈቃደኞች ናቸውና።

ከከተማ ስወጣ ምን እንዳላደርግ ልጠንቀቅ?

የድንጋዩን ሽበት (ሞስ የሚባለውን ተክል) አይርገጡ። በላቫው ላይ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈው ለስላሳ አረንጓዴ ሽበት አንዴ ከተገነጠለ ለማገገም አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። ከመንገድ ወጥቶ መኪና መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ድንኳን በተፈቀደ ቦታ ብቻ ይተከላል።

ለካርቦን ማካካሻ ገንዘብ ብከፍል በረራዬን ያጠፋልኛል?

አያጠፋልዎትም። በዚያው አካባቢ ግን የሚያስደንቅ ሥራ እየተሠራ ነው። ካርብፊክስ የተባለው ድርጅት በሄትሊስሄይዲ ከእንፋሎቱ ጋር የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃ አሟሙቶ ወደ ባዝልት ቋጥኝ ያስገባዋል። ጋዙ ከድንጋዩ ጋር ተዋህዶ ራሱ ድንጋይ ይሆናል። በሙከራው ከገባው ውስጥ አብዛኛው በሁለት ዓመት ጊዜ ጠጥሯል። ከአጠገቡ ክላይምወርክስ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ካርቦኑን በቀጥታ ከአየር የሚሰበስቡ ሁለት ጣቢያዎች አቁሟል፤ በ2021 ኦርካን፣ በ2024 ማሞዝን።

ኦርካ ሲከፈት የታቀደለት አቅም በዓመት 4,000 ቶን ነበር። ከአንድ ትልቅ አየር መንገድ የዓመት ልቀት ጋር ሲነጻጸር ጠብታ ነው። ሥራው መደገፍ አለበት ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ለማካካሻ የከፈለ ሰው ሁለተኛ በረራ ያለ ሐሳብ እንዲቆርጥ የሚያበረታታው ከሆነ ክፍያው ጥቅም ሳይሆን ጉዳት አመጣ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚቀነሰው የበረራው ቁጥር ነው።

ኃይሉ ታዳሽ ከሆነ ታዲያ ጉዳት የለውም ማለት ነው?

አይስላንዳውያን ራሳቸው በዚህ ጉዳይ መቶ ዓመት ተከራክረዋል። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጉልፎስ ፏፏቴን ለኤሌክትሪክ ለማዋል ታስቦ ነበር። በፏፏቴው አቅራቢያ ያለ የእርሻ ቤት ልጅ የነበረችው ሲግሪዱር ቶማስዶቲር አጥብቃ ተቃወመች፤ ዛሬ ምስሏ ተቀርጾ ከፏፏቴው አጠገብ ቆሟል። በዚህ ክፍለ ዘመን ደግሞ በምሥራቅ አይስላንድ 690 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የካራንዩካር ግድብ ሲሠራ ሰፊ ደጋማ ምድር በውሃ ተዋጠ፤ ብዙ ሰውም አደባባይ ወጥቶ ተቃወመ። ኤሌክትሪኩ የሚሄደው ለአንድ የአሉሚኒየም ማቅለጫ ፋብሪካ ነው። በአጠቃላይም ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት የአሉሚኒየም ፋብሪካዎች ናቸው፤ የሰው ቤት መብራት የሚወስደው ጥቂት ነው።

እንፋሎቱም ያለ ዋጋ አይገኝም። ከጉድጓዶቹ የሚወጣው የድኝ ጋዝ በአንዳንድ ቀን ነፋሱ ወደ ከተማዋ ሲያመጣው ይሸታል። ከመጠን በላይ የተቀዳ ጉድጓድም ግፊቱ ይወርዳል። ንጹሕ የሚለው ቃል በንጽጽር ካልሆነ አይሠራም፦ ከከሰል ይልቅ እጅግ ንጹሕ፣ ካልተነካ ወንዝ ይልቅ ግን ጉዳት ያለው።

ይህ ሁሉ ከኢትዮጵያ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ምድሩ ራሱ ያገናኘዋል። አይስላንድ የተቀመጠችው የአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል በሚሰነጠቅበት መስመር ላይ ነው፤ ስምጥ ሸለቋችንና አፋርም ምድር እየተለያየች ያለችባቸው ቦታዎች ናቸው። በቲንግቬትሊር በሁለት ግድግዳዎች መካከል የሚራመድ ሰው የሚያየው የስምጥ ሸለቆን ታናሽ ወንድም ነው። ከሥራቸው ያለው ሙቀትም ያው ነው።

በሬይኪያቪክ ከ1979 ጀምሮ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የከርሰ ምድር እንፋሎት ሥልጠና ይሰጣል፤ ኢትዮጵያውያንም ተምረውበታል። ሬይኪያቪክ ጂኦተርማል የተባለው የአይስላንድ ኩባንያ በቱሉ ሞዬና በኮርቤቲ የኃይል ልማት ዕቅዶች ውስጥ ተሳትፏል። የእኛ የአሉቶ ላንጋኖ ጣቢያ የተተከለው በ1998 ሲሆን አቅሙ 7 ሜጋ ዋት ያህል ነው፤ ሄትሊስሄይዲ ብቻውን 303 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በሄትሊስሄይዲ ለጎብኚ የተከፈተ ኤግዚቢሽን አለ፣ ከከተማዋ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። አንድ ቀን ብቻ ቢኖርዎት ብሉ ላጉንን ትተው እዚያ ይሂዱ። በመስታወቱ በኩል ተርባይኖቹ ሲዞሩ እያዩ አስጎብኚውን ስለ ጉድጓዶቹ ጥልቀትና ስለ ወጪያቸው ይጠይቁት።